ደጄ ላይ የተቀመጠው ሰው

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም፣ ይህን መጀመሪያ እወቅልኝ። አባቴ ደብተራ ስለነበረ ስለ ዛርና ስለ ጠቋር፣ ስለ መተትና ስለ ድግምት ሲወራ ነው ያደግኩት፣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ እስቅ ነበር፣ ኋላም ፋብሪካ ገብቼ ሞተር ስፈታና ስገጥም ዕድሜዬን ስለፈጀሁ፣ ያለ ምክንያት የሚጮህ ነገር የለም፣ ወይ ዘይት አንሶታል ወይ ብሎኑ ላልቷል ባይ ነኝ። ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ስለዚህ የማወራህን ስትሰማ ሽማግሌው ጃጅቷል እንዳትል፣ እመነኝ፣ ይህን ያህል ዘመን ለሰው ሳልናገረው የኖርኩት ራሴም ስላላመንኩት ነው፣ አሁን የምናገረው ደግሞ ይዤው መዞር ስለደከመኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ ውስጥ ነው። ያኔ አቃቂ ማለት ባቡርና ፋብሪካ ነበረች፣ ፊሽካ ሲነፋ የምትነሳ፣ ፊሽካ ሲነፋ የምትተኛ፣ ሰው ሁሉ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዞ የሚሄድባት። እኔ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ፣ ይህ የአዘቦት ቀን ሥራዬ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ግን አኮርዲዮን ተጫዋች ነበርኩ፣ ሰውም የሚያውቀኝ በሁለተኛው ነው፣ ደምሴ አኮርዲዮን ካልክ ከሳሪስ እስከ ዱከም የማያውቀኝ አልነበረም። አኮርዲዮን መቼም ታውቃለህ፣ እንደ ሕፃን ደረት ላይ የሚታቀፍ፣ በአንድ ጎኑ እንደ ፒያኖ ቁልፍ ያለው፣ መሀሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ አየር እየሳበ አየር እያስወጣ የሚዘፍን ነገር ነው፣ የእኔን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ነው የገዛሁት፣ አጨዋወቱን ማንም አላስተማረኝም፣ ጆሮዬ ነው ያስተማረኝ።

ታዲያ አባቴ ያን ሣጥን ተሸክሜ ያየኝ ቀን «ከቤቴ አዝማሪ ወጣ» አለና ፊቱን አዞረብኝ፣ ሠርጌ ላይ አልመጣም፣ መሞቱን እንኳ የሰማሁት ከተቀበረ በሰባተኛው ቀን ነው። የባለቤቴም ወገኖች ያው ናቸው። አስካለን ያገኘኋት እዚያው ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነው፣ አንድ የፋብሪካው ድግስ ላይ ስጫወት አይታኝ ነው የወደደችኝ፣ ለእናቷ ግን «መካኒክ ነው» ብቻ ብላ አገባችኝ፣ ሌላውን የሰሙ ጊዜ እናቷ ሁለት ዓመት ቤታችንን አልረገጡም። ሰፈሩም እንደዚያው፣ ያለ እኔ ሠርጋቸው አይደምቅም፣ ግን ምሳ የሚቀርብልኝ ጓሮ ከድስቶቹ አጠገብ ነው፣ ዕድር ልግባ ብዬ ስጠይቅም አንዱ ሽማግሌ «ለቅሶ ላይ ምን ሊያደርግልን ነው?» ብለው ሰው አስቀውብኛል። እኔ ለምጄው ነበር፣ አስካለ ግን አልለመደችውም። ሰው በዓል ሲሆን ወደ ቤቱ ይገባል፣ እኔ በዓል ሲሆን ከቤቴ እወጣለሁ፣ ልጃችን ሮማን የተወለደች ቀን እንኳ ሳሪስ አቦ አጠገብ የሰው ሙሽራ እያጀብኩ ነበር፣ አስካለን ያዋለደቻት የጎረቤት ሴት ናት። አንድም ቀን አላነሳችብኝም፣ ግን እንዳልረሳችው አውቃለሁ።

ጊዜው ጥር ነው። ሮማን አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሐሙስ ማታ ሳል ጀመራት፣ ዓርብ ትኩሳቱ ጨመረ፣ ቅዳሜ የክሊኒኩ ድሬሰር ደረቷን አዳምጦ የሳንባ ምች ነው አለና መርፌ ወጋት፣ ሽሮፕ ሰጠን፣ ብርድ እንዳይነካት፣ ቀና አድርጋችሁ ያዟት፣ እነዚህን ሁለት ቀናት ካለፈች ትድናለች አለን። ቅዳሜ ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም። ትንፋሿ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ሁለት አጫጭር ትስብና አንድ ረጅም ታስወጣለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች፣ አበቃ ስትል እንደገና ሁለት አጫጭር። በመሀል ያለችውን ዝምታ ስጠብቅ ነው የነጋብኝ።

እሑድ ደግሞ ሠርግ አለብኝ። የፋብሪካው ካቦዬ የአቶ ዘለቀ ልጅ ናት የምትዳረው፣ ቃሊቲ፣ ቃሌን ከሰጠሁ ወር አልፎኛል። ጠዋት ሸሚዜን ስለብስ አስካለ ሮማንን ጉልበቷ ላይ እንዳስደገፈች ታየኛለች።

«ዛሬ እንኳ ቅር» አለችኝ።

«ካቦዬ ነው እኮ አስኩ፣ ብቀርበት ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ልጄ ታማብኛለች ብትለው ይቀየምሃል? እሱም አባት ነው፣ ሂድና ንገረው።»

«በዚህ ሰዓት ሌላ ሰው ከየት ያመጣል?»

«ያለ አኮርዲዮን አይጋቡም?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ፣ በእግዜር።»

«ሂድ እንግዲህ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስትጮህ ሳይሆን እንደዚያ ስትል ነው የምፈራት።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ልንገርህ፣ እሱን ከደበቅኩህ ሌላውን መንገሬ ከንቱ ነው። የሄድኩት ካቦዬን ፈርቼ ብቻ አይደለም። መሄድ ፈልጌ ነው። ያች አንድ ክፍል ቤት ጠባኝ ነበር፣ የልጄ ደረት ሲርገበገብ ማየት አቅቶኝ ነበር፣ አኮርዲዮኑን ካቀፍኩ ደግሞ ምንም እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፣ ጭንቀቴም ሐዘኔም እዚያ ወናፍ ውስጥ ይገባል። ሰው የሙዚቃ ፍቅር የሚለው ነገር እኔ ዘንድ ግማሹ ሽሽት ነበር።

ካሳዬ፣ ዘፋኛችን፣ በሰይቼንቶ ታክሲ መጥቶ ወሰደኝ። ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀመጥኩ። የአቃቂን ድልድይ እንደተሻገርን ካሳዬ ከፊት ዞር ብሎ «ጉንፋን ይዞሃል እንዴ? ደረትህ ይጮሃል» አለኝ።

«እኔ? ደህና ነኝ» አልኩና ዝም ብዬ አዳመጥኩ፣ እውነትም የሆነ ነገር ሲር ሲር ይላል፣ ግን ከእኔ አይደለም፣ ከጭኔ ላይ ነው የሚመጣው። ሣጥኑን ከፈትኩት። የወናፉ ማሰሪያዎች ሁለቱም ጥርቅም ብለው ተቆልፈዋል፣ መዳፌን አሳረፍኩበት፣ አይንቀሳቀስም፣ ድምፁም ጠፋ። ክዳኑን ስመልሰው ሲር አለ። አልፈራሁም፣ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል፣ ሰኞ እለጥፈዋለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት፣ መካኒክ ነኝ አላልኩህም?

ሠርጉ ደማቅ ነበር። ሙሽሮቹ ስድስት ሰዓት ላይ ዳሱ ውስጥ ገቡ፣ እኛም ጀመርን፣ እመነኝ፣ እንደዚያን ቀን አድርጌ ተጫውቼ አላውቅም፣ ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ነበር የሚሮጡት፣ አቶ ዘለቀ ራሱ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጥርሱ የማይታይ ሰው፣ ተነስቶ እስክስታ ወረደ፣ አሮጊቶቹ እልል አሉ፣ ሰው ግንባሬ ላይ ብር ለጠፈልኝ። ልጄን ረስቻት ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጭርሱን ረስቻት ነበር፣ ይህንንም እወቅልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይመስለኛል፣ ከቁልፎቹ ጫፍ ላይ ያለችው ቀጭኗ ድምፅ ጠፋች። እጫናታለሁ፣ ትወርዳለች፣ ድምፅ የለም። አቧራ ገብቶባት ይሆናል ብዬ ዘለልኳት። ጥቂት ቆይቶ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጠፋች፣ ከዚያ ሦስተኛዋ፣ እንዲህ በተርታ ከላይ ወደ ታች፣ ከአንድ ቤት ውስጥ ሰዎች አንድ በአንድ ተነስተው ሲወጡ በለው፣ እኔም ባሉት እየተጠቀምኩ እጄን ወደ ወፍራሞቹ አወርዳለሁ፣ ካሳዬ እየዘፈነ ዓይኑን ያጉረጠርጥብኛል። መጨረሻ ላይ አንዲት ወፍራም ድምፅ ቀረች፣ እሷም ሄደች። ለትንሽ ጊዜ ከበሮው ብቻውን መታ፣ ከዚያ እሱም ግራ ገብቶት ቆመ።

ወናፉ ግን እጄ ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዳሱ ዝም ሲል የተሰማው ነገር የአየሩ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት አጫጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ቀጥ። ደግሞ ሁለት አጫጭር።

እጄ አልነበረም የሚስበው አልልህም፣ የገዛ እጄ ነው፣ ግን ልኩን የሚሰጠው እጄ አልነበረም። ማቆም ሞክሬያለሁ። አንድ ጊዜ ክንዴን አሳረፍኩ፣ ያች ዝምታ ስትረዝም፣ ስትረዝም፣ እኔ ካቆምኩ የሆነ ቦታ የሚያቆም ነገር እንዳለ መሰለኝ፣ መልሼ ሳብኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልሞከርኩም።

«ሰክሯል!» አለ አንዱ፣ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አቶ ዘለቀ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ምን ነካህ አንተ? በልጄ ሠርግ ታሾፋለህ?»

«አልጠጣሁም ጋሼ፣ ጠብታም አልቀመስኩም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እባክዎ፣ ትንሽ ብቻ» አልኩት፣ ወናፉን እየሳብኩ። ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ልብ በል። ሁለት ሚዜዎች በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው ወደ ጓሮ አወጡኝ፣ ስሄድም አላቆምኩም፣ ድስቶቹ አጠገብ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥኩና ቀጠልኩ። ከወጥ ሠሪዎቹ አንዷ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ማማሰያቸውን እንደያዙ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አሉኝ። ማልቀሴን ያወቅኩት እሳቸው ሲነግሩኝ ነው። እሳቸውም ላቤን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝና ወደ እሳታቸው ተመለሱ።

ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆየሁ ሰው ነው የነገረኝ። ክንዴ ዝሏል፣ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ ፀሐይዋ አዘንብላለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ይሆናል፣ ያ ትንፋሽ እየረዘመ መጣ። ቀጥ ማለቱ ቀረ። እንደተኛ ሰው እኩል እኩል ሆነ፣ ከዚያ እጄን ለቀቀኝ፣ ሌላ ቃል የለኝም፣ ለቀቀኝ። ካሳዬ በንዴት ሲመጣ ግንዱን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎንበስ ብሎ አንዱን ቁልፍ ተጫነ፣ አኮርዲዮኑ ጥርት አድርጎ ጮኸ። ሌላውንም ተጫነ፣ ጮኸ።

«ይኸው ይሠራል! ታዲያ ምን ሆነህ ነው ያዋረድከን?»

ሣጥኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ታክሲም አልፈለግኩም፣ ሐዲዱን ይዤ ነው በእግሬ የመጣሁት፣ ነፋሱ አቧራውን ፊቴ ላይ ይበትነዋል፣ ሣጥኑ ግን ጭጭ ብሏል፣ እኔም ደክሞኝ ስለነበር የማስበው ስለ መተኛት ብቻ ነበር።

ሰፈር ስደርስ መሽቶ ዓይን መያዝ ጀምሯል። ከቤታችን ፊት ለፊት ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ሱቅ ነበረው፣ ደግ ሰው ነው፣ ፋኖሱን እየለኮሰ አየኝ።

«እንዴት አመሸህ ደምሴ? ልጅቷ ተሻላት?»

«እንጃ፣ ገና መግባቴ ነው።»

«ገና?» አለና ክብሪቱ ጣቱን እስኪፈጀው አየኝ። «ከሰዓቱን ሙሉ ደጃፍህ ላይ ስትጫወት አልነበረም እንዴ? እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ልጁ ታማ ይዘፍናል እንዴ ያለ ደንበኛ ነበር፣ እኔ ግን እሷን እያስተኛ ነው አልኩት።»

«አይተኸኛል?»

«አጥሩ ይጋርዳል፣ አላየሁህም። ግን እዚህ ሰፈር ሌላ ማን አኮርዲዮን አለው?»

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር፣ ሸምሱ ግን ቀልድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቤት ስገባ ኩራዝ በርቷል። ሮማን ተኝታለች፣ ፀጉሯ በላብ ርሷል፣ ፊቷ ተረጋግቷል፣ ትንፋሿ እኩል እኩል። ተንበርክኬ ግንባሯን ነካሁት፣ ትኩሳቱ ወርዷል። አስካለ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፣ አላየችኝምም።

«አሁን መግባትህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ። መቼ ለቀቃት?»

«አንተ መጫወት ስታቆም።»

«የት ስጫወት?»

ያኔ ዞራ አየችኝ፣ ያን አስተያየቷን ባላይ ደስ ባለኝ። «ደምሴ፣ ሞኝ አታድርገኝ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ስትጫወት ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራሁህ። ግባ፣ ልጅቷ እያጣጣረች ነው፣ ብቻዬን አልችልም አልኩህ። ዝም። ተነስቼ እንዳልወጣ ከጉልበቴ ባነሳኋት ቁጥር ትንፋሿ ይቆማል። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጫማህን አያለሁ፣ ቡናማውን ጫማህን፣ ተረከዝህን እንደ ልማድህ መሬት ላይ ትመታለህ። እየሰማኸኝ አልገባህም።»

«አስካለ፣ እኔ ቃሊቲ ነበርኩ።»

«ጫማህን አየሁ እኮ ነው የምልህ!»

ወደ እግሬ አየሁ። ለሠርጉ ያደረግኩት ጥቁሩን ጫማ ነው። ቡናማው አልጋው ሥር፣ እሷ ከተቀመጠችበት ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ፣ ጠዋት እንደተውኩት ጎን ለጎን ተቀምጧል። እሷም አየችው።

ኩራዙን ይዤ ወጣሁ። በርጩማው፣ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ከማጀቱ ጥግ የሚቀመጠው፣ ደጅ በሩ አጠገብ ግድግዳው ሥር ነው። የጥር መሬት ታውቀዋለህ፣ ደረቅ አቧራ ነው፣ ከበርጩማው ፊት አንዲት ጉድጓድ አለች፣ ጥልቀቷ የአውራ ጣት ያህል፣ ተረከዝ ብዙ ሰዓት አንድ ቦታ ሲመታ የሚያወጣት ዓይነት ጉድጓድ። ወደዚያ የሚመጣ ኮቴ፣ ከዚያ የሚሄድ ኮቴ ፈለግኩ፣ ነፋሱ ጠርጎት ይሁን እንጃ፣ አላገኘሁም። ተረከዜን ከትቼ ልለካት አሰብኩና ተውኩት። በእግሬ ደፈንኳት። ለምን እንደደፈንኳት ብትጠይቀኝ አላውቅም።

ሰኞ ፋብሪካው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ፣ አቶ ዘለቀም ከዚያ ቀን በኋላ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ «ያ አዝማሪ» ነው የሚለኝ። ይህን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት አስካለን ነው። ሁለት ሳምንት ሳታናግረኝ ከረመች፣ አንድ ቀን ካሳዬን መንገድ ላይ አግኝታው ጠየቀችው፣ እሱም ይምላል፣ ይገዘታል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጓሮ ተቀምጦ ወናፍ ሲነፋ ነበር፣ መቶ ሰው አይቶታል ይላታል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በቃ እውነቱን አወቀች፣ ታረቅን ብዬ። ማታ ስገባ ልብሷን አጣጥፋ ጨርሳለች።

«ካሳዬ ነግሮኛል» አለች። «ልክ ነህ፣ ቃሊቲ ነበርክ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ደጅ ተቀምጦ ፈርቶ አልገባም ብዬ ነበር የተቀየምኩህ። ልቡ አልችል ብሎት ነው፣ ግን እዚሁ ነበር እያልኩ፣ ይቅር ልልህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ ጭርሱን አልነበርክም።»

«ታዲያ ማን ነበር አስካለ? አንቺን አያስፈራሽም?»

«ማንም ይሁን» አለችኝ። «መጥቷል።»

ሮማንን ይዛ ናዝሬት ወንድሟ ዘንድ በባቡር ሄደች። ጣቢያው ድረስ ዕቃዋን ተሸክሜ ሸኘኋት፣ ሮማን በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ስቃ ነው የተለየችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ ብዙ የሚወራ የለውም። ሠርግ የሚጠራኝ አነሰ፣ ቡና ቤት ቡና ቤት መጫወት ጀመርኩ፣ ሌላ ሚስት አላገባሁም፣ ጃንሆይም ወረዱ፣ ጊዜውም ተለወጠ፣ የእኔ ሥራ ግን ያው የሰው ደስታ ማድመቅ ነበር። አኮርዲዮኑን ለምን አልጣልከውም ትለኝ ይሆናል። አስቤ ነበር፣ አንድ ቀን ድልድዩ ድረስ ይዤው ሄጃለሁ። ግን ለእሱ ብዬ አባቴን ካጣሁ፣ ሚስቴን ካጣሁ በኋላ እሱንም ብጥለው ምን ይዤ ልመለስ? ይዤው ተመለስኩ።

ሮማን አደገች፣ አስተማሪ ሆነች፣ አገባች፣ እናቷ ካረፈች በኋላ እየመጣች ትጠይቀኝ ጀመር። ጥሩ ልጅ ናት። ብቻ አንቱ ነው የምትለኝ፣ አባባ እርስዎ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ፣ አልከፋባትም፣ ሳታውቀኝ ነው ያደገችው። ባለፈው የመጣች ጊዜ ሕፃን ልጇን ይዛ ነበር፣ ልጁ አልተኛ ብሏት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በከንፈሯ ታንጎራጉርለታለች። ዜማው እንግዳ ሆነብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዜማ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ከእኛ አንዱ ቅኝት ነው እንዳልል አይገጥምም፣ የፈረንጅ ነው እንዳልል አይመስልም፣ ሊያልቅ ይልና ሌላ ቦታ ይጀምራል፣ ደስ አይልም ልልህ አልችልም፣ ግን ፀጉሬ ቆመ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከእርስዎ ነዋ አባባ። ታምሜ ደጅ ሆነው የተጫወቱልኝ።»

«ያን ቀን ታስታውሺያለሽ?»

«ሁሉንም» አለች፣ ልጁን እያወዛወዘች፣ ፊቷ ወደ እኔ አይደለም። «ስትጨርስ እማዬ እንቅልፍ ወሰዳት። ያኔ ገባህ። ቀስ ብለህ ነው የገባኸው። ግንባሬን ዳሰስከኝ፣ እጅህ ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ በጆሮዬ ነገርከኝ።»

አንተ ስትለኝ ያን ጊዜ ነው የሰማኋት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። መናገሯን የምታውቅ አይመስለኝም። «ምን ነገርኩሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፣ የዚያን ጊዜዋ የአራት ዓመቷ ልጅ ሳቅ ነው፣ ሌላ አይደለም።

«ለማንም እንዳትነግሪ፣ እኔ ራሴ መጥቼ ብጠይቅሽ እንኳ እንዳትነግሪኝ አላልከኝም?» አለች። ከዚያ የተኛውን ልጇን አልጋዬ ላይ አስተኛችው፣ ነጠላዋን አለበሰችው፣ ተነሳችና ወደ ምድጃው ሄደች።

«ሻይ ላፍላልዎ፣ አባባ?»